በረንዳዬ ላይ የሚያድረውን ልጅ እንዴት ልርዳው?

የዚህ ወር ጥያቄዎች በሙሉ ከጅማ ናቸው፤ በሙሉም መጠጊያ ስላጡ ልጆች። የደብዳቤዎቹን ረዘም ያለ ክፍል አሳጥረናል፣ የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ መርካቶ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ለቡና ለቀማ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ማታ ማታ በረንዳዬ ላይ ይተኛል። ከደንበኛ የተረፈውን በፌስታል ቋጥሬ እሰጠዋለሁ። ባለቤቴ «ዛሬ አንድ ነው፣ ነገ አሥር ይሆኑብሻል» ይለኛል። ልጁን በቅጡ መርዳት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሰዓቱ ይጀምሩ። ዛሬ ቢበላ ነገ መብላቱን የማያውቅ ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ከሆቴል ሆቴል ቡሌ (ከሰው የተረፈ ምግብ) ሲያሳድድ ያመሻል፤ የሚደበደበውም ማስቲሽ የሚለምደውም በዚያው ሰዓት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ቢችሉም ቀኖቹንና ሰዓቱን ለይተው ይንገሩትና አይዛነፉ። ማታ አንድ ሰዓት ካሉ አንድ ሰዓት ይሁን። የማይመችዎት ቀን ካለ ደግሞ ከዋዜማው ይንገሩት፤ መጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ ቀጣዩን ቀጠሮዎን አያምንም።

ፌስታሉን ይተዉት። በፌስታል የተቋጠረ ምግብ ሥጋው ከአትክልቱ፣ ወጡ ከእንጀራው ጋር ተደባልቆ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ይህ ደግሞ ምግብ ለሚያበላሹ ተህዋስያን የተመቸ ነው። ከምሳ የተረፈው እስከ ማታ ከቆየ በኋላ ማሞቅም ሁሉንም አያድንም፤ በተለይ ሩዝና ፓስታ ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ ቢንተከተክም አይጠፋም። ስለዚህ ከሳህን የተረፈውን ሳይሆን ከድስት የተረፈውን ይስጡት፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ ከሆነ ግን እሱንም አይስጡት። ምርጫ ካለዎት ለማታ ትኩስ ሽሮ በእንጀራ፣ ለጠዋት ሁለት ዳቦና ስኳር ያለው ሻይ በቂ ነው። ኪሱ ውስጥ የሚይዘው ቆሎ ወይም በአንድ ሃይላንድ ውኃ የሚበጠበጥ በሶ ካከሉለት እስከ ማታ ያቆየዋል። ለብዙ ቀን ምንም ሳይበላ የቆየ፣ የከሳና የደከመ ልጅ ከገጠመዎት በመጀመሪያው ቀን አያጥግቡት። ለብ ያለ ሻይና ትንሽ ዳቦ ከሰጡት በኋላ ጤና ጣቢያ ይታይ። ደግሞም በሳህን ያቅርቡለት። ልዩነቱን እሱ ያውቀዋል።

መኝታውን በተመለከተ፣ የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ከላይ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ሲሚንቶው ሌሊቱን ሙሉ ከሥር የሰውነት ሙቀት ይስባል። አነጣጠፉ ቅደም ተከተል አለው፤ ከሥር ላስቲክ፣ ከላዩ ሁለትና ሦስት ድርብ ካርቶን፣ ከዚያ ጆንያ ወይም ማዳበሪያ፣ በመጨረሻ ብርድ ልብስ ወይም አሮጌ ጋቢ። ካርቶኑ ከላስቲኩ ሥር ከሆነ በአንድ ሌሊት ይበሰብሳል። ላስቲክ ተከናንቦ መተኛትም አይበጅም፤ ትንፋሹ ውኃ ሆኖ ልብሱን ያረጥበዋል፣ አየርም ያሳጥረዋል። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ውኃ መሬት ላይ ነጥቦ ይፈናጠራልና ከጠርዙ አንድ ሜትር ገባ ብሎ ይተኛ። ከሰል ግን በምንም ዓይነት፤ ለብርዱ ብለው ማንደጃ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ አይስጡት። ጭሱ ካለቀ በኋላም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ የተኛውም ሳይነቃ ይሞታል።

አዲስ ብርድ ልብስ አይግዙለት። ወይ ትልልቆቹ ይነጥቁታል፣ ወይ ራሱ ይሸጠዋል፤ ሁለቱም አያስገርምም። ያረጀ ጋቢ ስጡትና ጠዋት አጣጥፎ ወደ ምግብ ቤቱ ጓዳ ያስገባው፣ ማታ ያውጣው። ይህ ከሁሉም ስጦታ የሚበልጥበት ምክንያት አለ። የጎዳና ልጅ ንብረት የማያፈራው ቀን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ነው። ጓዳዎ ውስጥ አንድ ቁም ሳጥን የምታክል ቦታ እንኳ አያስፈልግም፤ አንድ ጆንያ የሚይዝ ጥግ ይበቃል። ጋቢው ወደ ጓዳ ከመግባቱ በፊት ግን ስለ ቅማል የሚናገረውን የሚቀጥለውን መልስ ያንብቡ።

የባለቤትዎ ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ ይመጣሉ። ቁጥሩን አስቀድመው ይወስኑና ለልጁ በግልጽ ይንገሩት፤ «እዚህ የሚበላው አንድ ሰው ነው»። ሌላው ሲመጣ እንደ ሰዉ ሁኔታ የሚለዋወጥ መልስ አይስጡ። ከቻሉ ከጎንዎ ካሉት ሁለት ሱቆች ጋር ቀን ይከፋፈሉ፤ ለእያንዳንዳችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ይደርሳችኋል፣ ማንም አይሰለችም። በረመዳን ማታ መስጊድ አካባቢ፣ በዝክርና በጠበል ጸዲቅ ቀን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ምግብ ይተርፋል፤ የሚጎድለው ተራው ማክሰኞ ነውና የእናንተን ቀን በእሱ ላይ ያውሉት።

ጥያቄ፦ የድርጅት ጥበቃ ነኝ። በር ላይ ከሚያድሩት ልጆች አንዱ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል። ልብሱ ቅማል አለው። ከፋርማሲ መድኃኒት ገዛሁለት፤ ሁለት ቀን ሻል ብሎት ነበር፣ በሳምንቱ ተመለሰበት። ፀጉሩንም ላጨሁት።

መልስ፦ ትኩሳቱ ጠፍቶ መመለሱ ራሱ ይናገራል። ቅማል ባለበት ሰው ላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግርሻ (በቅማል የሚተላለፍ፣ እየተመላለሰ የሚያተኩስ በሽታ) ነው፤ ተስቦም ሊሆን ይችላል። ጅማ ዙሪያ ደግሞ ወባ አለና እሱም አይዘነጋም። ሦስቱም አጀማመራቸው ስለሚመሳሰል በግምት የሚገዛ ኪኒን አያዋጣም። ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ምርመራ ይደረግለት፤ በማይክሮስኮፕ በሚታየው በዚያው የደም ጠብታ የወባውም የግርሻውም ተህዋስ ይገኛል። «ወባ ብቻ እዩልኝ» አይበሉ፤ ቅማል እንዳለበትና ትኩሳቱ እንደሚመላለስ ይንገሯቸው።

ግርሻ በትክክለኛው መድኃኒት ይድናል፤ ካልታከመ ግን ይገድላል። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ውስጥ መወሰድ ያለበት ደግሞ ለሌላ ምክንያት ነው። ተህዋሱ በአንድ ጊዜ ሲረግፍ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ይችላል። አልጋ ላይ ሆኖ የሚታየው ሰው ይተርፋል። በረንዳ ላይ ግን «መድኃኒቱ ገደለው» ተብሎ ይቀራል።

ፀጉር መላጨቱ ለዚህ አልጠቀመም። ይህን በሽታ የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው፤ የሚኖረውም የሚፈለፈለውም በልብስ ስፌት ውስጥ፣ በተለይ በወገብ፣ በብብትና በአንገት በኩል ነው። ወደ ሰውነት የሚመጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ልብሱ ላይ ነው። በአዌቱ ወንዝ ቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ቅማሉን ያረጥበዋል እንጂ አይገድለውም። በበርሜል ውኃ አፍልታችሁ ልብሱን ለግማሽ ሰዓት ቀቅሉት፣ ከደረቀ በኋላ ስፌቶቹን በካውያ ተኩሱ። መቀቀል የማይችለውን ጃኬትና ብርድ ልብስ በወፍራም ላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡት፤ ቅማሉ ደም ካጣ በሳምንት ገደማ ያልቃል፣ የተረፈው ጊዜ ለቅጫሙ ነው። ቅማሉን በጥፍር አትጨፍልቁ። የግርሻው ተህዋስ ያለው በቅማሉ ሰውነት ውስጥ ስለሆነ፣ ሲፈነዳ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ፣ አንድ ሳሙና፣ ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ሙሉ ልብስ ከነካልሲው። ልብሱ የግድ ሁለት ቅያሪ ይሁን፤ አንዱ ሲቀቀል የሚለብሰው ከሌለው እርጥቡን ይለብሳል ወይም የጓደኛውን ይዋሳል፣ ቅማሉም አብሮ ይመለሳል። ከባዱ እሱ ነው። እነዚህ ልጆች ለሙቀት ተቃቅፈው ነው የሚተኙት፤ አራት ከሆኑ አራቱም በአንድ ቀን ካልታጠቡ ልፋቱ ከንቱ ነው። አንድን ልጅ ለይቶ ማጽዳት ብዙ ሰው የሚደክምበትና ወዲያው የሚተውበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ክፍያ ካስጨነቀዎት፣ የቀበሌው ማኅበራዊ ጉዳይ የድህነት ማስረጃ ከጻፈለት በነፃ የሚታከምበት መንገድ አለ፤ ከመታመሙ በፊት ቢጻፍ ይሻላል። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ካለ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ውሻ ከነከሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ይውሰዱት፤ ነገ አይባልም።

ጥያቄ፦ ማስቲሽ ሲስብ ባየው ሃይላንዱን ልንጠቀው?

መልስ፦ አይንጠቁት፣ አያባሩት፣ አያስደንግጡት። ማስቲሽና ቤንዚን የሳበ ሰው ልብ ለድንጋጤ እጅግ ስስ ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት ቢደነግጥ ወይም ቢሮጥ የልብ ምቱ ተዛብቶ በድንገት ሊሞት ይችላል። ረጋ ብለው ያናግሩት፣ ክብሪትና ሲጋራ ያርቁ፣ ነፋስ ወዳለበት ያስቀምጡት። ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙት፤ ቢያስመልሰው እንዳያንቀው። ምግብም ውኃም በአፉ አይስጡት። ትንፋሹ ከተዛባ ባጃጅ ይጥሩና ወደ ሆስፒታል። ምክሩን ለነገ ጠዋት ያቆዩት፤ የሳበ ልጅ አይሰማም። ማስቲሽ ረሃብንና ብርድን ያስረሳል፤ ጫት ተራ የሚለቀመው ገራባም (የተጣለ የጫት ትራፊ) እንዲሁ። ስለዚህ እራቱን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ማምጣት ከስብከት የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ጥያቄ፦ የመኪና እጥበት አለኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል የሚል ልጅ ልቀጥር አስቤያለሁ። ችግር ያመጣብኛል? ባይሆን ሊስትሮ ላስጀምረው?

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በበዓልም ማሠራት አይቻልም። ከባድ ጭነት ማንሳትና መሸከምም ለእሱ የተከለከለ ነው። «እሱ ራሱ ልሥራ አለ» የሚለው መከላከያ አይሆንም። ዕድሜውን የሚያሳይ ወረቀት ስለማይኖረው የሚናገረውን ከትምህርት ታሪኩ ጋር ያስተያዩት፤ ስንተኛ ክፍል አቋረጠ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት የቡና ዘመን አለፈ? ልጆች ሥራ ለማግኘት ዕድሜ ይጨምራሉ።

ከቀጠሩት በኋላ የሚመጣውን እንንገርዎት። የመጀመሪያ ወር ደመወዙን በተቀበለ ማግስት ይጠፋል። ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ በአንድ ቀን ያን ያህል ገንዘብ የያዘ በረንዳ አዳሪ ወይ ይቀማል፣ ወይ ለጓደኞቹ የቆየ ዕዳውን ይከፍላል፣ ከዚያ አፍሮ አይመለስም። ስለዚህ በወር አይክፈሉት። የዕለት ወጪውን በየቀኑ፣ የቀረውን በየሳምንቱ ደብተር ላይ እየጻፉና እያስፈረሙ ያስቀምጡለት፤ ደብተሩ ሁለት ይሁን፣ አንዱ በእሱ እጅ። ሲጠይቅ ያለ ጭቅጭቅ ይስጡት። በመጀመሪያው ሳምንት ለሙከራ ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ያለ ማንገራገር ከሰጡት በሚቀጥለው ያስቀምጣል። ሠራተኞችዎ ዕቁብ ካላቸው ትንሹን ዕጣ ይግባ፤ ቢጠፋ የሚጠይቀው ሰው ያበዛለታል። እሱን ራሱን አስቀድመው ያማክሩት እንጂ በእሱ ስም አይግቡለት።

ሊስትሮ ከሆነ ሣጥን፣ ሁለት መቀመጫ፣ አራት ብሩሽ (ለጥቁሩና ለቡናማው ቀለም ለየብቻ መቀቢያና ማሻሻ)፣ ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ ቀለም፣ ሳሙና፣ ለስፌቱ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥጥ ጨርቅና የውኃ ዕቃ ያስፈልገዋል። አንድ ብሩሽ ለሁለት ቀለም የሚጠቀም ልጅ የመጀመሪያውን ቡናማ ጫማ ያበላሽና ደንበኛ ያጣል። በክረምት የጅማ ቀይ ጭቃ ከቀለም ይልቅ እጥበቱን ያስፈልገዋልና ሳሙናና ውኃ ይብዛለት። ጃንጥላ ከሌለው ከሰኔ እስከ መስከረም ሥራው ግማሹን ቀን ይቆማል። ቦታውን ከነባሮቹ ሊስትሮዎች ጋር ሳይነጋገር ከተቀመጠ በመጀመሪያው ቀን ሣጥኑ ይሰበራል፤ ሄደው ከነባሮቹ ጋር የሚነጋገሩለት እርስዎ ይሁኑ።

ወረቀት፦ ለቀበሌ መታወቂያ 18 ዓመት መሙላትና ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛውን ከሩቅ ለማስላክ ጊዜ ስለሚፈጅ ከወዲሁ ይጀምሩት። የፋይዳ መታወቂያ በዕድሜ ያን ያህል አያጠብቅም፤ ሰነድ የሌለውም በምስክር ሊመዘገብ ይችላል። ምስክር መሆን ከሚሰጡት ገንዘብ ሁሉ የሚልቅ ውለታ ነው፤ ግን የሚያውቁትን ልጅ ብቻ።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ አካባቢ የምታድር አሥራ አራት ዓመት የማትሞላ ልጅ አለች። ቤት ውስጥ ሥራ እየረዳችኝ ከእኔ ጋር ብትኖር ምን ክፋት አለው?

መልስ፦ እህታችን፣ በዚህ አንስማማም። መናኸሪያ ላይ ደላላውም የሚላት ይህንኑ ነው፤ «ቤት ውስጥ እየረዳሽ ትኖሪያለሽ»። አንቺ ደግ ብትሆኚም ልጅቷ ሁለታችሁን የምትለይበት መንገድ የላትም፤ ከቤትሽ ችግር ቢገጥማት የምትሄድበትም ቦታ የለም። በዚያው ቀን፣ ከመሸ በኋላ ሳይሆን በብርሃን፣ ከሌላ ሴት ጋር ሆነሽ ወደ ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ወይም ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ውሰጃት። የምትቆይበት ቦታ እስኪገኝ ቤትሽ ብታድር እንኳ እነሱ አውቀውትና ጽፈውት ይሁን። ያለ ማንም ዕውቀት የሰው ልጅ ቤት ማስገባት ነገ አንቺንም ያስጠይቅሻል።

ጥቃት ደርሶባት ከሆነ ጊዜው ይለያል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሠራል። በቅድሚያ ሆስፒታል፣ ቃል መስጠቱ ከዚያ በኋላ። ከምርመራው በፊት አትታጠብ፤ የለበሰችውን ልብስ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ያዢው፤ በላስቲክ ውስጥ ይሻግትና ማስረጃው ይጠፋል። ዝርዝሩን ደጋግመሽ አትጠይቂያት።

ጥያቄ፦ ልጁ አገሩ ዳውሮ እንደሆነና መመለስ እንደሚፈልግ ነገረኝ። የታርጫ መሳፈሪያውን ሰጥቼ ብሸኘው በቂ ነው?

መልስ፦ መሳፈሪያ ብቻ ይዞ የሄደ ልጅ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ መናኸሪያው ላይ ይገኛል። ከቤት ያስወጣው ነገር እዚያው እየጠበቀው ነውና። በመጀመሪያ ለምን እንደወጣ ይወቁ፤ የእንጀራ አባት ዱላ ከሆነና የእንጀራ አባቱ እዚያው ካለ የሚሄደው ወደ አያት ወይም ወደ አክስት እንጂ ወደዚያ ቤት አይደለም። አማርኛው ወይም ኦሮምኛው ለዚህ ወሬ ካልበቃው ዳውሮኛ የሚናገር ሰው ይፈልጉ፤ ጅማ ውስጥ አይጠፋም። በራሱ ቋንቋ የሚነግርዎት ታሪክ ከመጀመሪያው የተለየ ቢሆን አይቆጡት።

ስልክ ከሌላቸው በተማረበት ትምህርት ቤት፣ በቀበሌው ወይም በዕድራቸው በኩል ይጠይቁ። ቤተሰቡ ድምፁን ሰምቶ «ይምጣ» ሳይል አይሳፈር። ብቻውንም አይሂድ፤ ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሰው ቢሸኘው ይመረጣል፣ ካልሆነ የሚቀበለው ሰው ታርጫ መናኸሪያ ላይ ቆሞ ይጠብቀው። ባዶ እጁን አይሂድ። ለሥራ ብሎ ወጥቶ አንድ ነገር ሳይዝ መመለስ ትልቅ ሐፍረት ነው፤ ስንቱ ልጅ በዚህ ብቻ መመለሱን እያራዘመ ዓመታት ያልፋሉ። ንጹሕ ልብስና ጫማ፣ ለእናቱ አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ይበቃል። ትምህርት የሚቀጥል ከሆነ ከምዝገባው በፊት ይድረስ፤ ኅዳር ላይ የሄደ ሙሉ ዓመት ቤት ይቀመጣል።

ከዚያ ይደውሉለት። በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩ፣ በሦስተኛው ወር። ልጁን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ሰውም ያነጋግሩ። የሚከብደው ሦስተኛው ወር ነው፤ ያኔ የመመለሱ ደስታ በርዷል፣ ያስወጣው ችግርም ተመልሶ ተቀምጧል።